የአጥቂው ጉልበት፦ ከጉዳት የመመለስ ታሪክ በእግር ኳስ

በእግር ኳስ ታሪክ በጥንቃቄ ተመዝግበው የሚገኙት ግቦች፣ ዋንጫዎችና የዝውውር ዋጋዎች ሲሆኑ፣ አንድ ተጫዋች ተጎድቶ ከሜዳ ከወጣበት ቀን አንሥቶ ዳግም እስከተሰለፈበት ቀን ድረስ ያለው ጊዜ ግን፣ የብዙዎችን የሙያ ዕድሜ የወሰነ ቢሆንም፣ ከአንድና ከሁለት መስመር ያለፈ ቦታ ሲሰጠው እምብዛም አይታይም። ይህ ጊዜ የራሱ ታሪክ አለው። የሐኪሞች ጥበብ፣ የጨዋታው ሕግ፣ የክለቦች ገንዘብና የተጫዋቹ ወኔ የሚገናኙበት ታሪክ በመሆኑም፣ ከሌላው ተጫዋች ሁሉ ይልቅ በአጥቂው፣ በተለይም ገና ሃያዎቹን በጀመረ ወጣት አጥቂ ሕይወት ጎልቶ ይታያል። ተከላካይ ፍጥነቱ ቢቀንስ በቦታ አያያዝና በልምድ ሊያካክሰው ይችላል፤ የአጥቂ ሥራ ግን ከተከላካዩ በግማሽ እርምጃ ቀድሞ ኳሱ ጋ መድረስ ስለሆነ፣ ያቺን ግማሽ እርምጃ ያጣ አጥቂ ምንም ያህል ጤናማ ቢመስል የቀድሞ ሥራውን መሥራት ያቅተዋል። ባለፉት 100 ዓመታት በፍጥነት ያደገው ጉልበትን የመጠገን ጥበብ ነው፤ የተጠገነውን ሰው ወደ አጥቂነት የመመለሱ ጥበብ ግን በብዙ ዓመታት ዘግይቶ የመጣ ሲሆን፣ ለመዘግየቱ ዋናው ምክንያት ክለቦች ተጫዋቹ ሜዳ የገባበትን ቀን የዳነበት ቀን አድርገው መቁጠራቸው ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ጉልበት የጭን አጥንትና የቅልጥም አጥንት የሚገናኙበት መጋጠሚያ ነው። ከፊት ለፊቱ የጉልበት ሎሚ ተቀምጦበታል፤ ሎሚውን ከቅልጥም አጥንት ጋር የሚያያይዘው ወፍራም ጅማት የጭን ጡንቻ እግርን እንዲዘረጋ የሚያደርግ ሲሆን፣ እርሱ ከተበጠሰ ሰው እግሩን ወደፊት ሊወነጭፍ አይችልም። በመጋጠሚያው ውስጥ ደግሞ ሁለት ጅማቶች በመስቀል ቅርጽ ተጠላልፈው ይገኛሉ፤ ከእነዚህ የፊተኛው፣ ማለትም የፊት መስቀለኛ ጅማት የሚባለው፣ የቅልጥም አጥንት ወደፊት እንዳይንሸራተትና ሰውነት በድንገት ሲዞር ጉልበት እንዳይከዳ ይይዛል። በሁለቱ አጥንቶች መካከል በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ የተነጠፉ ሁለት ልም አጥንቶች አሉ፤ ሥራቸው የሰውነትን ክብደት መሸከምና ማከፋፈል ነው። የአጥቂ እንቅስቃሴ፣ ማለትም በሙሉ ፍጥነት ሮጦ በድንገት መቆም፣ በአንድ እግር ተተክሎ መዞር፣ ተተክሎም መምታት፣ እነዚህን ክፍሎች ሁሉ በአንድ ቅጽበት ያስጨንቃቸዋል። የከፋው ነገር መስቀለኛው ጅማት ሙሉ በሙሉ ሲበጠስ እንደ አጥንት በራሱ ጊዜ ተመልሶ የማይገጥም መሆኑ ሲሆን፣ የልም አጥንቱም ውስጠኛ ክፍል ደም ስለማይደርሰው አይጠግግም ማለት ይቻላል።

እግር ኳስ በእንግሊዝ አገር በሕግና በማኅበር ተደራጅቶ በተስፋፋበት በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ፣ የተጎዳ ተጫዋች የሚሄደው ብዙውን ጊዜ ሐኪም ዘንድ ሳይሆን ወጌሻ ዘንድ ነበር። ወጌሻ፣ ማለትም የተሰበረ አጥንትንና የወለቀ መጋጠሚያን በእጅ ዳሰሳና በእሽት የሚመልስ ባህላዊ ባለሙያ፣ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይደለም፤ ሙያው ከአባት ወደ ልጅ እየተላለፈ፣ በቅቤ እሽትና በቀርከሃ ሰሌዳ እስከ ዛሬ የሚሠራበት ሲሆን፣ በአገራችን የስፖርት ዘገባም ሻንጣ ይዞ ወደ ሜዳ የሚሮጠው የቡድን ባለሙያ ዛሬም በዚሁ ስም ይጠራል። ብዙ ያልተነገረለት ነገር የእንግሊዝ የአጥንት ሕክምናም ከወጌሾች ቤት የወጣ መሆኑ ነው። የዘመናዊው የአጥንት ሕክምና አባት ተብሎ በብሪታኒያ የሚታወቀው ሂዩ ኦወን ቶማስ (1834–1891) አባቱ ኢቫን ቶማስ በሊቨርፑል ከተማ ስመ ጥር ወጌሻ ነበር፤ ፈቃድ የሌለው በመሆኑ ከሐኪሞች ጋር ሲጋጭ የኖረው ይህ ሰው ልጆቹን ሁሉ ሕክምና አስተማራቸው። ሂዩ ኦወን በስሙ የሚጠራውን የእግር ድጋፍ ሠራ፤ ጥበቡንም ለሚስቱ የወንድም ልጅ ለሮበርት ጆንስ አወረሰ።

ቶማስ አጥብቆ ያስተማረው ዕረፍትን ነው፤ የተጎዳ መጋጠሚያ ያለማቋረጥና ለረጅም ጊዜ ሳይንቀሳቀስ መቀመጥ አለበት ይል ነበር። በዚያው ዘመን በፈረንሳይ ዡስት ሉካ-ሻምፒዮኒየር የተባለ ሐኪም የተጎዳ እጅና እግር በጊዜ ካልታሸና ካልተንቀሳቀሰ ይደርቃል ብሎ ተቃራኒውን አስተማረ። ይህ ክርክር የሁለት ሐኪሞች ጠብ ብቻ ሆኖ አልቀረም። ከዚያ በኋላ ባለው መቶ ዘመን የተጎዳ ተጫዋች ሁሉ ዕጣ በዚህ ክርክር መካከል ሲንከባለል የኖረ ሲሆን፣ ሚዛኑ አንዴ ወደ ዕረፍት፣ አንዴ ወደ እንቅስቃሴ ሲያጋድል ይታያል።

የጉልበት ቀዶ ሕክምና የተጀመረው ለእግር ኳስ ተጫዋቾች ተብሎ አልነበረም። በኤድንበርግ ቶማስ አናንዴል የተቀደደ ልም አጥንት ሰፍቶ ውጤቱን በ1885 ሲያሳትም፣ በሊድስ ደግሞ አርተር ማዮ ሮብሰን በ1895 የተበጠሱ መስቀለኛ ጅማቶችን ሲሰፋ፣ ሁለቱም ያከሙት በጠባብ ጉድጓድ ውስጥ ተንበርክኮ የሚሠራ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪ ነበር። የእንግሊዝ እግር ኳስ ተጫዋቾች ብዙዎቹ ከእነዚሁ የከሰል ከተሞች የመጡ ስለሆኑ፣ ከጉድጓዱ ወደ ሜዳ የተሻገረው ሰው ብቻ ሳይሆን ሕክምናውም ጭምር ነው። ይሁንና ጅማቱን መስፋቱ ብዙ አላስኬደም። ለሚቀጥሉት ብዙ ዐሥርት ዓመታት የተለመደው ሕክምና የተቀደደውን ልም አጥንት ጨርሶ አውጥቶ መጣል ሆነ፤ ተጫዋቹ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሕመሙ ስለሚጠፋ ክለቡም፣ ተጫዋቹም፣ ሐኪሙም ይደሰቱ ነበር። ፌርባንክ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በ1948 ባሳተመው ጽሑፍ ልም አጥንቱ የወጣለት ጉልበት ከጊዜ በኋላ በራጅ ላይ የሚታይ ለውጥና መበላት እንደሚደርስበት ቢያመለክትም፣ ልማዱ ከዚያ በኋላም ለ30 ዓመት ያህል ቀጥሏል። የዚያ ትውልድ አጥቂዎች ዋጋውን የከፈሉት ጫማቸውን ከሰቀሉ በኋላ ነው።

የሜዳው ሕግም የጉዳቱን መጠን ያባብሰው ነበር። በእንግሊዝ ሊግ የተጎዳ ተጫዋችን በሌላ መቀየር የተፈቀደው በ1965 ሲሆን፣ በዚያ ዓመት ኦገስት 21 ቀን ቻርልተን ከቦልተን ባደረጉት ጨዋታ ኪት ፒኮክ የመጀመሪያው ተቀያሪ ሆኖ ገባ፤ በዓለም ዋንጫ ደግሞ ቅያሪ የተጀመረው በ1970 ሜክሲኮ ላይ ነው። ከዚያ በፊት የተጎዳ ሰው ወጥቶ ቡድኑን በ10 ሰው ያስቀረዋል፤ ወይም፣ እንደሚበዛው፣ ወደ ክንፍ ተገፍቶ እያነከሰ እስከ መጨረሻው ይቆማል። የቡድኑ ረዳት ባልዲና ስፖንጅ ይዞ ገብቶ ቀዝቃዛ ውኃ ያፈስበታል፤ ሕክምናው ይኸው ነበር። ግማሽ የተቀደደ ጅማት ሙሉ በሙሉ የሚበጠሰው አብዛኛውን ጊዜ በእነዚያ ተጨማሪ ደቂቃዎች እንደሆነ መገመት አያዳግትም። ጉዳት እንደ ነውር ይታይ ስለነበረም፣ የሊቨርፑሉ አሰልጣኝ ቢል ሻንክሊ የተጎዳን ተጫዋች እንዳላየ ያልፈው እንደነበር በስፋት ይነገራል።

የዚያን ዘመን ዕጣ ከብራያን ክላፍ በላይ የሚያሳይ የለም። ክላፍ በሚድልስብሮና በሰንደርላንድ በ274 የሊግ ጨዋታዎች 251 ግቦችን ያስቆጠረ አጥቂ ሲሆን፣ ዲሴምበር 26 ቀን 1962 ሰንደርላንድ በሮከር ፓርክ በሪን ሲያስተናግድ ገና የ27 ዓመት ሰው ነበር። ቀኑ በእንግሊዝ ታሪክ ከታወቁት ብርቱ ክረምቶች አንዱ የጀመረበት ሲሆን፣ ሜዳው በበረዶ ደርቆ ነበር። ክላፍ ዓይኑን ከኳሱ ሳያነሣ ወደፊት ሲሮጥ ከበሪው ግብ ጠባቂ ከክሪስ ሃርከር ጋር ተጋጨ፤ የግብ ጠባቂው ትከሻ ጉልበቱን መታው፤ መስቀለኛው ጅማትና የጎን ጅማቱም ተበጠሱ። ሊነሣ ሞክሮ ወደቀ። ከበሪ ተጫዋቾች አንዱ እያስመሰለ ነው ብሎ ለዳኛው መናገሩን ክላፍ ዕድሜውን ሙሉ አልረሳውም።

ከዚህ በኋላ የሆነው የዘመኑን ሕክምና ልክ ያሳያል። እግሩ ለወራት በጄሶ ታሰረ፤ ጄሶው ሲወልቅ የጭኑ ጡንቻ ሟሽሾ ነበር፤ ማገገሚያውም የባዶውን ስታዲየም የተመልካች ደረጃ እየሮጠ መውጣትና መውረድ ሆነ። የቶማስ ዕረፍት ከነሙሉ ጥንካሬው የተፈጸመበት ጉልበት ይህ ነው፤ ከጄሶ በቀጥታ ወደ ደረጃ፣ በመካከሉ የሚያገናኝ ምንም ትምህርት ሳይኖር። ክላፍ ከ20 ወራት በኋላ በሴፕቴምበር 1964 ተመልሶ በአንደኛ ዲቪዚዮን ሦስት ጨዋታ አደረገ፤ በሊድስ ላይም አንድ ግብ አስቆጠረ። በቁጥር ሲታይ ተመልሷል። ክለቡ ግን ጉልበቱ እንደማያዋጣ ስላመነ የመድን ካሳውን ተቀበለ፤ ክላፍም በ29 ዓመቱ ከተጫዋችነት ተሰናበተ። ከዚያ በኋላ ደርቢ ካውንቲን በ1972 የሊግ፣ ኖቲንግሃም ፎረስትን በ1979 እና በ1980 የአውሮፓ ሻምፒዮን ያደረገው አሰልጣኝ ይኸው ሰው መሆኑ ታሪኩን አሳምሮለት ይሆናል፤ የአጥቂው ክላፍ ታሪክ ግን በሮከር ፓርክ በረዶ ላይ አብቅቷል። በዚያው ዓመት፣ በ1962፣ በአንድ የዓለም ዋንጫ 13 ግብ በማስቆጠር እስከ ዛሬ ያልተደፈረ ክብረ ወሰን የያዘው ፈረንሳዊው ዡስት ፎንቴን ሁለት ጊዜ በተሰበረ እግሩ ምክንያት በ28 ዓመቱ ጨዋታ አቁሟል።

ለውጡ የመጣው ከሩቅ ምሥራቅ ነው። በቶኪዮ ኬንጂ ታካጊ በ1918 የፊኛን ውስጥ ለማየት የተሠራ መሣሪያ በሬሳ ጉልበት ውስጥ አስገብቶ ተመልክቶ ነበር፤ ተማሪው ማሳኪ ዋታናቤ ደግሞ በ1950ዎቹ መጨረሻ ለሥራ የሚያገለግል መሣሪያ አበጅቶ፣ በ1962 ጉልበትን ሳይከፍት የተቀደደ ልም አጥንትን በከፊል ቆርጦ አወጣ። ክላፍ በወደቀበት ዓመት ማለት ነው። ይህ አርትሮስኮፒ የሚባለው ዘዴ፣ ማለትም በእርሳስ ውፍረት ባለ ቱቦ መጋጠሚያን ከውስጥ እያዩ ማከም፣ ወደ ምዕራቡ ዓለም የተሻገረው ለ1964ቱ ኦሊምፒክ ወደ ቶኪዮ የተጓዘው ካናዳዊ ሐኪም ሮበርት ጃክሰን ከዋታናቤ ተምሮ ከተመለሰ በኋላ ነው። በሌላ በኩል የተበጠሰን መስቀለኛ ጅማት ከመስፋት ይልቅ ከራሱ ከሕመምተኛው ሰውነት፣ ከሎሚው ጅማት ወይም ከቋንጃ፣ ተቆርጦ በተወሰደ ጅማት መተካት ከ1960ዎቹ ወዲህ እየተስፋፋ መጣ። ሁለቱ ጥበቦች በ1980ዎቹ ሲገናኙ የክላፍ ዓይነት ጉዳት የሙያ ሞት መሆኑ ቀረ።

በመካከሉ የነበሩት ግን በሁለት ዘመን ድንበር ላይ የወደቁ ናቸው። ሮቤርቶ ባጂዮ በሜይ 5 ቀን 1985፣ በ18 ዓመቱ፣ ለቪቼንዛ ሲጫወት የቀኝ ጉልበቱ መስቀለኛ ጅማትና ልም አጥንት ተበጠሱ፤ ፊዮረንቲና ሊያስፈርመው የቀረው ጥቂት ቀን ብቻ ነበር። ክለቡ ውሉን ሊያፈርስ ሲችል አላፈረሰም፤ በዘመኑ ልማድ ሲመዘን ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ቀዶ ሕክምናው በፈረንሳይ ሴንት ኤቲየን ተደርጎ በ220 ስፌት ተዘጋ፤ ልጁ ለሕመም ማስታገሻ መድኃኒት አለርጂ ስለነበረበት ሥቃዩን በሙሉ ነቅቶ ችሎታል። በኢጣሊያ ከፍተኛ ሊግ በሴሪአ የተሰለፈው ከአንድ ዓመት ከአራት ወር በኋላ፣ በሴፕቴምበር 1986 ሲሆን፣ ብዙም ሳይቆይ ልም አጥንቱ እንደገና ተጎድቶ የውድድር ዘመኑን ከሞላ ጎደል አጣው። የመጀመሪያ የሴሪአ ግቡን ያስቆጠረው በሜይ 10 ቀን 1987 ኔፕልስ ላይ፣ ማራዶና የሚመራው ናፖሊ የመጀመሪያ ሻምፒዮናነቱን ባረጋገጠበት ቀን፣ በቅጣት ምት ነው። ከመውደቁ እስከዚያች ግብ ሁለት ዓመት ከአምስት ቀን አልፏል፤ ከስድስት ዓመት በኋላ ደግሞ የአውሮፓ ምርጥ ተጫዋች ሆነ። የባጂዮን መመለስ ያሳካው ቀዶ ሐኪሙ ብቻ ነው ማለት ፊዮረንቲና የሰጠውን ጊዜ መርሳት ይሆናል።

በ1990 በአሜሪካ ኢንዲያናፖሊስ ዶናልድ ሼልቦርን የተባለ ሐኪምና የሥራ ባልደረባው ፖል ኒትዝ ያሳተሙት ጽሑፍ የቶማስንና የሉካ-ሻምፒዮኒየርን ክርክር ለእንቅስቃሴ ወገን ፈረደ። እስከዚያ ድረስ ጅማት የተተካለት ሰው እግሩ ለሳምንታት ሳይታጠፍ ይቆይና ወደ ስፖርት የሚመለሰው ከ9 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ነበር። ሼልቦርን ያስተዋለው የሐኪም ትእዛዝ ጥሰው ቀድመው የረገጡ፣ ቀድመውም ያጠፉና የዘረጉ ሕመምተኞቹ፣ ትእዛዝ አክባሪ ከሆኑት የተሻለ ጉልበት ይዘው መመለሳቸውን ነው። ስለዚህ እግር ከቀዶ ሕክምናው ማግስት እንዲንቀሳቀስ፣ ተጫዋቹም ከ4 እስከ 6 ወር ውስጥ ወደ ስፖርት እንዲመለስ ሐሳብ አቀረበ። ለክለቦች ይህ የምሥራች ነበር፤ ከሐሳቡ ውስጥ ግን ወሩን ብቻ መዝዘው የወሰዱ አልጠፉም።

አዲሱ ሕክምና በእርግጥ ፍሬ አፍርቷል። አለን ሺረር በ1992 የገና ሰሞን በብላክበርን ሮቨርስ ማሊያ በ21 የሊግ ጨዋታ 16 ግብ ካስቆጠረ በኋላ መስቀለኛ ጅማቱ ተበጠሰ፤ በቀጣዩ የውድድር ዘመን ተመልሶ 31፣ ከዚያ በኋላ ባለው ደግሞ 34 የሊግ ግቦችን አስቆጥሮ ክለቡን ሻምፒዮን አደረገ። ሩድ ቫን ኒስትሮይ በኤፕሪል 2000 ወደ ማንቸስተር ዩናይትድ የሚያደርገው ዝውውር በጉልበቱ ጥርጣሬ ምክንያት በተቋረጠ በቀናት ውስጥ፣ በክለቡ በፒኤስቪ ልምምድ ላይ እየተቀረፀ ሳለ ጅማቱ ተበጠሰ። ዩናይትድ አንድ ዓመት ጠብቆ በ19 ሚሊዮን ፓውንድ አስፈረመው፤ ተጫዋቹም በመጀመሪያ ዓመቱ 36 ግብ ከፈለው። ሁለቱም ሲመለሱ ክለባቸው የመመለሻቸውን ቀን ከአንድ ጨዋታ ጋር አላሰረውም።

ከብራዚላዊው ሮናልዶ ጉዳይ ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ይገለጣል። ሮናልዶ ሉዊስ ናዛሪዮ በ20 ዓመቱ የዓለም ምርጥ ተጫዋች የተባለ፣ በ1997 ኢንተር ሚላን የዓለምን ክብረ ወሰን ሰብሮ ያስፈረመው አጥቂ ነው። ጉልበቱ ግን ገና በፒኤስቪ ሳለ በ1996 ቀዶ ሕክምና ያስፈለገው፣ ከሎሚው በታች የሚያመው ጉልበት ነበር። ኖቬምበር 21 ቀን 1999 ኢንተር ሌቼን 6 ለ 0 ባሸነፈበት ጨዋታ የቀኝ ሎሚው ጅማት በከፊል ተቀደደ፤ በወሩ መጨረሻ ፓሪስ ላይ ፕሮፌሰር ጄራር ሳያን ሰፋለት። ከአራት ወር ተኩል በኋላ፣ ኤፕሪል 12 ቀን 2000፣ በሮም ኦሊምፒክ ስታዲየም በኢጣሊያ ዋንጫ የፍጻሜ የመጀመሪያ ዙር ከላዚዮ ጋር በሁለተኛው አጋማሽ ተቀይሮ ገባ። የቆየው ሰባት ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ኳሱን ይዞ ወደ ተከላካዩ ፈርናንዶ ኩቶ እየሄደ፣ ስሙን ያስጠራውን እግርን በኳሱ ላይ የማዟዟር ስልት ሊሠራ የቀኝ እግሩን ሲተክል፣ ማንም ሳይነካው ጉልበቱ ከዳው። የሎሚው ጅማት ሙሉ በሙሉ ሲበጠስ የጭን ጡንቻ የሚይዘው ስለሚያጣ ሎሚውን ወደ ላይ ስቦ ይወስደዋል፤ ሮናልዶ ጉልበቱን በሁለት እጁ ታቅፎ ሲጮኽ የታየው ያ ሲሆን ነው።

ዛሬ ላይ ሆኖ ሲታይ በዚያ ቀን መሰለፉን የወሰነው ከጅማቱ ጥንካሬ ይልቅ የዋንጫው ቀን መቁጠሪያ ይመስላል። የተሰፋ ጅማት ሕመሙ ቀድሞ ይጠፋል፤ ጥንካሬው ግን በብዙ ወራት ዘግይቶ ይመጣል፤ በመካከሉ ያለው ጊዜ ተጫዋቹ ጤነኛ ሆኖ የሚሰማው፣ ነገር ግን ያልዳነበት ጊዜ ነው። ፍርዱ በሐኪሞቹ ላይ ብቻ ሊወድቅ አይገባም፤ ጉልበቱ ከጥንት ደካማ ነበር፤ ተጫዋቹም ለመግባት ጓጉቷል፤ ስታዲየሙም ይጠብቀው ነበር።

ሁለተኛው ማገገሚያ ከመጀመሪያው በእጅጉ ይለያል። ሮናልዶ የ2000–01ን የውድድር ዘመን በሙሉ አልተጫወተም። ኒልተን ፔትሮኔ የተባለው ብራዚላዊ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ለወራት አብሮት ሠራ፤ ሥራው ጉልበቱ በየቀኑ በጥቂት ዲግሪ ይበልጥ እንዲታጠፍ ማድረግ ነበር፤ ኳስ ከዚያ በኋላ የሚታሰብ ነገር ነው። በሴፕቴምበር 2001 ተመለሰ፤ በጡንቻ ሕመም እየተቋረጠ በዚያ ዓመት በሊጉ የተሰለፈው 10 ጨዋታ ብቻ ሲሆን 7 ግብ አስቆጥሯል። ሜይ 5 ቀን 2002 ኢንተር በዚያው የሮም ስታዲየም በላዚዮ 4 ለ 2 ተሸንፎ ሻምፒዮናነቱን ሲያጣ ተቀይሮ ወጥቶ ተቀያሪ ወንበር ላይ አለቀሰ። የብራዚል አሰልጣኝ ሉዊዝ ፌሊፔ ስኮላሪ ግን፣ ሕዝቡ አንጋፋውን አጥቂ ሮማሪዮን ይዘህ ሂድ እያለ ሲጮኽበት፣ ሮማሪዮን ትቶ ሮናልዶን ወሰደ።

በኮሪያና በጃፓን በተደረገው የ2002 የዓለም ዋንጫ የታየው አጥቂ የ1997ቱ አልነበረም። የቀድሞው ሮናልዶ ከሜዳው መካከል ኳስ ይዞ ተከላካዮችን እያለፈ ግብ ጠባቂውን የሚያልፍ ሰው ነበር፤ የ2002ቱ በቅጣት ክልሉ አካባቢ የሚጠብቅ፣ ጥቂት የሚነካ፣ ቶሎ የሚመታ ሆነ። በግማሽ ፍጻሜው በቱርክ ላይ ያስቆጠራት ብቸኛ ግብ ለዚህ ምስክር ናት፤ እግሩን ወደ ኋላ ሳይወነጭፍ በጫማው ጫፍ ኳሱን ገፋት፤ ግብ ጠባቂው ምቱን ለማንበብ ጊዜ አላገኘም። በዚያ ጨዋታ ዋዜማ ፀጉሩን ከግንባሩ በቀር መላጨቱ ወሬው ከጡንቻው ሕመም ወደ ፀጉሩ እንዲዞር አስቦ እንደነበር በኋላ ራሱ ተናግሯል፤ ዘዴውም ሠርቷል። ጁን 30 ቀን በዮኮሃማ በፍጻሜው በጀርመን ላይ ሁለቱንም ግቦች አስቆጥሮ ውድድሩን በ7 ጨዋታ በ8 ግብ ጨረሰ። በሕዝብ ዘንድ ይህ የቀድሞ ብቃትን የማስመለስ ታሪክ ተብሎ ይተረካል፤ በቅርበት ሲመረመር ግን ሌላ ዓይነት አጥቂ ሆኖ የመሠራት ታሪክ ነው።

ይህን ሌላ አጥቂ የመሆን ዕድል ያላገኙ ወይም ያልፈለጉም አሉ። ማይክል ኦውን በኤፕሪል 1999 በ19 ዓመቱ ሊድስ ላይ ለሊቨርፑል ሲጫወት የቋንጃ ጡንቻው ተቀደደ። ከዚያ በኋላ በ2001 የአውሮፓ ምርጥ ተጫዋች ስለተባለ ጉዳቱ የተረሳ መሰለ፤ እርሱ ግን ከዚያች ቀን በኋላ የቀድሞው ሯጭ እንዳልነበረ ደጋግሞ ተናግሯል። በ2006 የዓለም ዋንጫ ከስዊድን ጋር በተደረገው ጨዋታ በመጀመሪያው ደቂቃ መስቀለኛ ጅማቱ ሲበጠስ፣ የተቀረው ሥጋት ሙሉ ፍርሃት ሆነ። በመጨረሻዎቹ የጨዋታ ዓመታቱ ከተከላካዮች ጀርባ ወደ ክፍት ቦታ መሮጥን ይፈራ እንደነበር፣ ጡንቻው ይቀደዳል ብሎ ኳስ ወደማይመጣበት ስፍራ ይሸሽ እንደነበር ከጡረታው በኋላ በይፋ ገልጿል። የአንድን አጥቂ ብቃት ማጣት ከዚህ በላይ በግልጽ ያስረዳ ተጫዋች ማግኘት ይከብዳል፤ ተመልካቹ ስንፍና ወይም ዕድሜ ብሎ የሚያየው ነገር ከውስጥ ሲታይ ፍርሃት ሆኖ ይገኛል።

ሳይንሱ ለዚህ ፍርሃት መለኪያ ያበጀለት እጅግ ዘግይቶ ነው። በአውስትራሊያ ኬት ዌብስተርና ባልደረቦቿ በ2008 መስቀለኛ ጅማት የተተካለት ስፖርተኛ ለመመለስ በአእምሮው ምን ያህል እንደተዘጋጀ የሚመዝን መጠይቅ አሳተሙ፤ አናንዴል የመጀመሪያውን ልም አጥንት ከሰፋ ከ120 ዓመት በላይ ቆይቶ ማለት ነው። በአውሮፓ ከፍተኛ ክለቦች ከ2001 እስከ 2015 የተደረገው ክትትል በ2016 ሲታተም ደግሞ፣ ይህ ጉዳት ከደረሰባቸው ወንድ ተጫዋቾች ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት በአንድ ዓመት ውስጥ ተመልሰው፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ግን በከፍተኛው ደረጃ ሲጫወቱ የተገኙት 65 በመቶ ብቻ መሆናቸውን አሳየ። ክላፍንና ኦውንን የመሰሉ ተጫዋቾች በቁጥር የተገለጡት በእነዚህ ሁለት አኃዞች መካከል ባለው ክፍተት ነው። በዚያው ዓመት የታተመ የኖርዌይና የአሜሪካ ሐኪሞች ጥናት፣ መመለሻው እስከ 9 ወር ድረስ በአንድ ወር በዘገየ ቁጥር ዳግም የመጎዳት ዕድሉ በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ አረጋገጠ። ለሼልቦርን ፍጥነት በዚህ ልጓም ተበጀለት፤ እንቅስቃሴው ከመጀመሪያው ቀን ይጀመራል፤ ጨዋታው ግን ይዘገያል።

ይህ ሁሉ እውቀት ባለበት ዘመን የወደቀው አንሱ ፋቲ ነው። ጊኒ ቢሳው ተወልዶ በባርሴሎና አካዳሚ ያደገው ይህ አጥቂ ኖቬምበር 7 ቀን 2020 ከሪያል ቤቲስ ጋር ሲጫወት የግራ ጉልበቱ ልም አጥንት ሲቀደድ 18 ዓመት ከሞላው ሳምንት ብቻ አልፎት ነበር። በሐኪሞቹ ምርጫ ልም አጥንቱ እንደ ዱሮው ወጥቶ አልተጣለም፤ ተሰፋ፤ ስፌቱም አልያዘ ብሎ ተከታታይ ቀዶ ሕክምናዎች አስፈለጉት። ክለቡ ሊዮኔል ሜሲ በሄደ ማግስት የሜሲን 10 ቁጥር ማሊያ አለበሰው፤ ሴፕቴምበር 26 ቀን 2021 ከሌቫንቴ ጋር ተቀይሮ ገብቶ በጭማሪ ሰዓት ግብ ሲያስቆጥር ካምፕ ኑ ተነሥቶ አጨበጨበለት። በወራት ውስጥ የጡንቻ ጉዳት ተከተለው፤ በ2023 ለብራይተን በውሰት ተሰጠ፤ በዚያም የ17 ዓመት ልጅ ሳለ የነበረውን ደረጃ አላገኘም።

ከአሥር ወር በላይ ተጠብቆ ሳለ ያልተመለሰ አጥቂ መኖሩ ጊዜ ብቻውን እንደማይበቃ ያሳያል። ባጂዮም፣ ሺረርም፣ ቫን ኒስትሮይም ሲመለሱ የሚጠበቅባቸው ራሳቸውን እንዲሆኑ ነበር፤ ለፋቲ ግን ገና ወደ ሜዳ ሳይመለስ የሌላ ሰው ቁጥር ተሰጠው። በዚህ ረገድ የባርሴሎና ውሳኔ ከሕክምናው ስሕተት ሁሉ የከፋ ነበር።